ሳንጠይቀው ልናባርረው የነበረው እንግዳ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለኦፓኒን ባዱ አሴንሶ፤ አኒማ ክሮም።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? በዚህ የደረቅ ነፋስ ወራት ሲነጋጋ የሚነሣብዎት ሳል ቀለል አለልዎት? እማማ ሴርዋስ እንዴት ናት? ካካዎው ደርቆ ገባ ወይስ ገና ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ዶሮ ይጫወትበታል? እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔ የጎደለኝ የለም። አፍንጫዬ በአቧራው ደርቋል፣ ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል፣ ናፍቆታችሁም እንዳለ ነው፤ ከዚህ በቀር ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ጤነኛ ነኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ።

ይህን የሚያነብልዎት ባፉር እንደሆነ አውቃለሁ። ባፉር፣ ወንድሜ፣ እባክህ እንዳለ አንብበው። ባለፈው የላክሁትን ሁለት ገጽ «ደህና ነኝ ትላለች» ብለህ አጥፈህ ኪስህ መክተትህን እማማ ነግራኛለች። በስልክ እንዳልነግራችሁ ስልኩ እናንተ ኮረብታ ላይ ሰላምታ እንኳ ሳያልቅ ይቆረጣል፤ ይህ ነገር ደግሞ ተቆራርጦ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ካካዎ ሊጭን ለሚመጣው ለአሳሬ አደራ ብዬ ሰጥቼዋለሁ።

አባባ፣ የምጽፍልዎት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ኩራቴን ላካፍልዎት፤ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ እሱን ከኩራቴ ኋላ አመጣዋለሁ። ባለፈው ሐሙስ የዚህ ከተማ ሙታን ፊት ሁሉ በአንድ ጣት ጫፍ ላይ ነበር። ጣቷ የእኔ አልነበረችም፤ እንድትቆም ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። እንዴት ማስቆም እንዳለብኝ ያስተማሩኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ማስተማርዎትን ሳያውቁት።

እትዬ ዱፊ ቤት የምሠራውን ያውቃሉ። የቀብር ፖስተርና ባነር እናትማለን፤ ኮምፒውተሮቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስቀጠር «መስተዋት ፊት ተቀምጦ መዋል ሥራ ነው ወይ? ይህማ የሙሽራ ሥራ ነው» ብለው ስቀውብኛል። አልረሳሁትም፤ ይህን ደብዳቤ ሰምተው ሲጨርሱ ቃልዎን እንደሚያነሡ ግን አምናለሁ።

እኛ ዘንድ ሐሙስ ማለት ግርግር ነው። ቀብሩ ቅዳሜ ነው፤ አስከሬኑ ዓርብ ማለዳ ከሆስፒታል ይወጣል፤ ስለዚህ ሐሙስ ዕለት የየቤተ ዘመዱ ሰው በራችን ላይ ተኮልኩሎ «ስሜ ከእሱ በላይ መሆን ነበረበት፣ የለም ከእሷ በታች ነው» እያለ ይጨቃጨቃል። የሟቾቹን ፎቶ ሁሉ አንድ ጥቁር ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር የምናስቀምጠው፤ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ የመጣ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ብዙ ሰው ቤቱ ያለችውን አንዲት ፎቶ አምጥቶልን፣ እኛ ከገለበጥናት በኋላ ያቺው ፎቶ ዝናብ ገብቶባት ወይ ምስጥ በልቷት ቀርታለች። በዓመቱ ሙት ዓመት ሲደርስ ተመልሰው እኛ ጋ ይመጣሉ። እንግዲህ ያ ዲስክ ቢጠፋ ስንት ቤት እናቱን ዳግመኛ እንደሚቀብር ያስቡት።

ያን ዕለት ባነር ሊወስዱ የመጡት ኦፓኒን ቤዲያኮ የሚባሉ ሽማግሌ፣ የቤተ ዘመድ አለቃ ናቸው። እህታቸው ናና ፖማ ነበረች የሞተችው፤ የያም ሥራ ሥር ገበያውን ዕድሜዋን ሙሉ የነገሠችበት ሴት ናት ይላሉ። የሕትመት ሠራተኛችን ማኑ ባነሩን ሳምንቱን ሙሉ ሲያሳምር ሰንብቶ ጨርሶታል፤ የቀረው ማተም ብቻ ነው። ሊያትም ሲከፍተው ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። ማውዙ እንኳ አልንቀሳቀስ አለ።

አባባ፣ ኮምፒውተር እንደ ትልቅ ቤት ነው። ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ የሚያየው ምግብ የምታቀርበዋን ሴት ብቻ ነው፤ ጓዳ ውስጥ ግን አንዱ ፉፉ ይወቅጣል፣ አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ ይጠርጋል። የኮምፒውተርም የጓዳ ሠራተኞች አሉት፤ ከመጋረጃ ጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። እነማን እየሠሩ እንደሆነ፣ እያንዳንዱም ከማሽኑ ጉልበት ምን ያህል እንደሚበላ የሚያሳይ መስኮት አለው። ማኑ ያንን በፊደል ቁልፎቹ ሲከፍት ማናችንም የማናውቀው አንድ ፕሮግራም ከማሽኑ ጉልበት አብዛኛውን ይዞ ተገኘ። ስሙ ስም አይባልም፤ ሦስት ፊደልና አንድ ቁጥር ነው።

ማኑ ልቡ ደግ እጁ ፈጣን ልጅ ነው። «ቫይረስ ነው። ያ ትናንት ፍላሽ ይዞ የመጣው የመዘምራን አለቃ ነው ያስገባብን፤ መልኩም አላማረኝም ነበር። አንዴ ጠቅ ላድርገውና ይገላግለን» አለ። እትዬ ዱፊም ከደንበኛ ጋር እየተከራከሩ ዞር ብለው «ምን ታማክረኛለህ? ግደለው እንጂ። ሰው ቆሞብኛል» አሉት። ጣቱን ሊያሳርፍ ሲል እጄን እጁ ላይ ጫንሁና ቆይ አልሁት።

ለምን ቆይ እንዳልሁ ያን ጊዜ አጣርቼ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ጓዳ ያለ ፕሮግራም ተሸክሞ እየሄደ ሳለ ድንገት ከተቋረጠ የተሸከመው ይፈስሳል። ማሰሮ በራሷ ላይ ያላትን ሴት ማን እንደሆነች ባናውቅም ገፍተን አንጥላትም። ለማኑ ይህንኑ ነገርሁት። «እሷ ሴት አይደለችም፤ ቫይረስ ናት» አለኝ።

ኦፓኒን ቤዲያኮ በትራቸውን ተደግፈው ሲሰሙን ቆይተው «ልጄ፣ እህቴ ነገ ማለዳ ትወጣለች። እኔ ስለ ጓዳችሁ ጉዳይ የለኝም፤ ባነሬን ስጡኝና ልሂድ» አሉ። አባባ፣ የእርስዎ ድምፅ የመጣልኝ ይሄኔ ነው። «አባቴ፣ የማያውቁት ሰው ግቢዎ ቢገባ ምን ያደርጋሉ?» አልኋቸው። ገረማቸው። «ወንበር እሰጠዋለሁ፣ ውኃ አስጠጣዋለሁ፣ ከዚያ ጉዳዩን አስጠይቀዋለሁ። እኛ ሰው አይደለንም እንዴ? ምን ልትዪ ነው?» አሉኝ። «ይህም እንግዳ ገና ጉዳዩን አልተጠየቀም» አልሁ። ጥቂት አዩኝና ወደ እትዬ ዱፊ ዞረው «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ዱፊም «ወዲያ ሰፍዊ ጫካ ውስጥ፣ አባቷ የአለቃቸው ቃል አቀባይ ነው አሉ» አሏቸው። «እንዲያ በሉኝ እንጂ» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡና «በይ ጠይቂው። ግን አሳጥሪ፤ የቃል አቀባይ ቤት ሰው ጥያቄ ሲጀምር ፀሐይ ትጠልቃለች» አሉ። ሱቁ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ኮራ፤ እዚህ ከተማ ስምዎ በሰው ፊት ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ እርስዎ በአለቃው ፊት ቆመው የመጣውን ሰው እንደሚጠይቁት አደረግሁ። በመጀመሪያ ወንበርና ውኃ ሰጠሁት፤ ማለትም ሥራውን ሳላቋርጠው፣ ሌሎቹን እንዳያንቃቸው ብቻ ድርሻውን ዝቅ አድርጌ ጥግ አስቀመጥሁት። ወዲያው ማውዙ ተንቀሳቀሰ፤ ባነሩ ግን አሁንም አልከፈት አለ።

ከዚያ ማን አመጣህ አልሁት። እያንዳንዱ ፕሮግራም የቀሰቀሰው አለ፤ ያንን ማየት ይቻላል። ከፍላሽ የመጣ ቢሆን ፍላሹ ላይ ያለ ነገር ነው የሚቀሰቅሰው። ይህን ግን የቀሰቀሰው ማሽኑ ራሱ ነው፤ በየማለዳው አብሮት ይነሣል፣ ቁልፍ እንደተሰጠው ሠራተኛ። ማኑ በትከሻዬ አሻግሮ እያየ «ሌባም ቁልፍ ያስቀርጻል» አለ። እውነቱን ነው፤ ጥሩ አልህ አልሁት።

ቀጥዬ የት ታድራለህ አልሁት። ክፉዎቹ ቆሻሻ መጣያ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ይደበቃሉ፤ ወይ ደግሞ የታወቀ ፕሮግራም ስም ወስደው አንዲት ፊደል ይለውጣሉ፤ የታላቅ ሰው ዘመድ ነኝ እያለ እንደሚዞር አጭበርባሪ። ይህ ግን አልተደበቀም። በሱቁ በራሱ ፎልደር ውስጥ በግላጭ ነው የተቀመጠው፤ የገባበትም ጊዜ እኔም ማኑም ሳንቀጠር በፊት ነው። የመዘምራኑ አለቃ በዚህ ነጻ ወጣ፤ ማኑ ግን አሁንም መልኩን አልወደድሁትም አለ።

ዋስህ ማን ነው ስለው ግን ነገሩ ከበደኝ። ትልልቅ ድርጅቶች የሚሠሩት ፕሮግራም ማኅተም አለው፤ ይህ የለውም። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው የለም። እትዬ ዱፊ ጭናቸውን መትተው «ይኸው፤ ወገን የለውም። እኔ ወገን የሌለው ነገር ቤቴ አላሳድርም። አፍራኮማ፣ ዛሬ ባነሩ ካልወጣ አንቺም ነገ እንዳትመጪ» አሉኝ። አባባ፣ አልደብቅዎትም፣ ፈራሁ። ማኅተም የሌለውና ማንም የማያውቀው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ነው፤ እትዬ ዱፊ ያሉት ከንቱ አልነበረም። ሥራዬን፣ የቤት ኪራዬን፣ ባፉርን ለማስተማር የገባሁትን ቃል ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብሁ። ግን ሰው በእጁ ለቤቱ የጠረበው በርጩማም እኮ የፋብሪካ ማኅተም የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው አልሁና ጥያቄዬን ቀጠልሁ።

የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልሁት። የሚሰርቅ ፕሮግራም የሰረቀውን ወደ ውጭ መላክ ይፈልጋል፤ በሩ ሲዘጋበት ይቅበዘበዛል። ይህ ግን በሩን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ ሥራውን ቀጠለ። የሚሠራው ለዚሁ ቤት ነው ማለት ነው። በመጨረሻ በእጅህ ምን ይዘሃል አልሁት። የትኞቹን ፋይሎች እንደያዘ ተመለከትሁ፤ ፎቶዎች ናቸው። ከጥቁሩ ዲስክ እያነሣ፣ ጠረጴዛው ሥር አቧራ ጠጥቶ ወደሚኖር ሌላ ዲስክ ይወስዳቸዋል። ያንን የድሮ ዕቃ ነው ተብዬ የተውሁት ነበር። ስከፍተው የሙታኑ ፊት አንድ በአንድ እየገባ ነው፤ ሱቁ በተከፈተበት ዓመት ከሞቱት ጀምሮ በተራ።

ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ጥቁሩ ዲስክ ላይ አደረግሁ። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እየሞተ ነበር። ባነሩ ያልተከፈተው እዚያ ላይ ስላለ ነው፤ ፕሮግራሙም ጉልበት የበላው በሽታ ሆኖ ሳይሆን ከታመመው ዲስክ ላይ እየታገለ ሰዎቹን ሲያወጣ ነው። ለዓመታት ጓዳ ተኝቶ የኖረው ይህንን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል።

 ከባዱ ጉዳይ ግን ገና ነበር። ማኑ ቀስ ብሎ «እንግዲያው አሁን እናቁመው። ዲስኩ ትንሽ ፋታ ያገኛል፤ የናና ፖማን ብቻ ፈጥነን እናውጣ። የቆዩት ይቅሩ፤ እነሱ ተቀብረዋል» አለኝ። ሞኝነት አልነበረም። ናና ፖማ አዲሷ ሟች ስለሆነች በተራው መጨረሻ ናት፤ ዲስኩ ከዚያ በፊት ቢሞት ባነሩም የለም፣ እኔም የለሁም። ነገር ግን እንዲህ የታመመ ዲስክ ከጀመረው አስቁመውት ሌላ ሥራ ቢያዝዙት ላይነሣ ይችላል። ደግሞም ሥራውን ሳየው፣ ይህን የሠራ ሰው የታመመ ዲስክ ጠባይ ያውቃል፤ የተበላሸው ቦታ ላይ አይደርቅም፣ ዘሎ ሌላውን ያወጣና ቆይቶ ይመለስበታል። «አላቆመውም። ጥፋት ከመጣ በእኔ ይሁን» አልሁ። 

ለኦፓኒን ቤዲያኮ ሳልሸፋፍን ነገርኋቸው። እህትዎ ከሰልፉ መጨረሻ ናቸው፣ ከፊታቸው የከተማው ሙታን ሁሉ አሉ፣ ካስቀደምናቸው እነዚያን እናጣለን፣ ከጠበቅን ሁሉንም ልናጣ እንችላለን አልኋቸው። ሽማግሌው በትራቸውን አሻሹ። ከዚያ «ፖማ በሕይወቷ ወረፋ ጥሳ አታውቅም። ሌላው ሲጥስ ግን አንገቱን ይዛ ትመልሰው ነበር። አሁን እኔ ባስቀድማት በሕልሜ መጥታ አታስተኛኝም። ይግቡ» አሉ።

ገቡም። እትዬ ዱፊ የተጠበሰ ሙዝና ለውዝ አስገዝተው ለሽማግሌው ሰጧቸው፤ ለእኔ ግን አልሰጡኝም፣ ገና አልታረቅንም ነበር። የሰው ፊት እየመጣ ያልፋል። ኦፓኒን ቤዲያኮ እያንዳንዱን ያውቁታል። «ይቺ ዓሣ ሻጯ ናት፤ ስትሳደብ ገበያው ዝም ይል ነበር። ይሄ ልብስ ሰፊው ነው፤ የሠርጌን ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሮብኝ እግሬ ነው ጥፋተኛ ብሎ የተከራከረ። ያ ደግሞ ሳይሞት ሁለቴ የተለቀሰለት ነው፤ በሦስተኛው ማንም አላመነም» ይላሉ። በር ላይ የነበሩት ሁሉ ጭቅጭቃቸውን ትተው ስክሪኑን ከበቡት። አንዲት ሴት ባሏን አየችና «አንድ ጊዜ አቁሚልኝ» አለችኝ፤ ማቆም እንደማልችል ነግሬ ቆይታ እንድታየው አልኋት። በመካከል ሁለት ጊዜ ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎ ቆመ።  ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ቀጠለ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ናና ፖማ ገባች፤ ማኑ ካሳመራት ባነሯ ጋር፣ በጥቁር ልብሷ፣ ወርቋን አድርጋ። ማኑ ከሁለተኛው ዲስክ ከፍቶ አተማት። ባነሩ ገና ከማተሚያው ወጥቶ ሳያልቅ ጥቁሩ ዲስክ አንድ የሚፈጭ ድምፅ አሰማና ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ያልሞከርሁት ነገር የለም፤ አልተነሣም። ከጥቂት የተበላሹ ፎቶዎች በቀር ግን ሁሉም ወጥተዋል። ቅዳሜ ቀብሩ ላይ ኦፓኒን ቤዲያኮ ጠርተው ከቤተ ዘመዱ መካከል አስቀመጡኝና ለሰው ሁሉ «ይቺ መጠየቅ የምታውቅ ልጅ ናት፤ አባቷ አሳድጓታል» አሉ። አባባ፣ ኮርቻለሁ። በራሴም በእርስዎም። እርስዎ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እያሉ ሲጠይቁ ከደጃፉ ሆኜ የሰማሁት ሁሉ መስተዋት ፊት ተቀምጬ ጠቀመኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ያ ፕሮግራም ማን ሠራው? እትዬ ዱፊ የገባበትን ቀን ሳሳያቸው ተቀመጡ። «ሳርፖንግ» አሉ። ከእኔ በፊት የነበረ ሠራተኛ ነው። አንድ ፖስተር ላይ የሟቹን ሚስት ስም ከቤተ ዘመዱ አለቃ ስም በላይ አድርጎ አትሞ፣ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ መጥቶ ሱቁን አናወጠው፤ እትዬ ዱፊ በግ ከፍለው ታረቁና ሳርፖንግን በዚያው ቀን በሰው ፊት ሰድበው አባረሩት። ከዚያ በፊት ግን የከተማውን ሙታን ሁሉ አንድ ዲስክ ላይ አታስቀምጡ ብሎ ሲለምናቸው ነበር። «አንተ ፖስተርህን ሥራ» ነበር መልሳቸው። እሱም ዝም ብሎ ጠባቂ አስቀምጦ ሄደ።

ቁጥሩን ፈልጌ ደወልሁለት። ኩማሲ ስልክ ይጠግናል። የፕሮግራሙን ስም ስነግረው «እሱ አሁንም አለ?» አለኝ፣ ስለ ሰው የጠየቀ ያህል። ይህን የመሰለ አስቀያሚ ስም ለምን አወጣህለት ስለው «እኔ አላወጣሁለትም፤ ልጅ ስም የሚወጣለት በስምንተኛው ቀን አይደል? እኔ ከዚያ በፊት ተባረርሁ» ብሎ አሳቀኝ። ሁሉንም እንዳወጣቸው ነገርሁት፤ ደስ አለው። ከዚያ ግን «እናቴ አለችበት?» አለኝ።

እናቱ የሞተችው እዚህ ሲሠራ ነው። ፖስተሯን በገዛ እጁ ሠርቶላታል። በኋላ ስልኩ ሲሰረቅ ያለው ፎቶ ሁሉ አብሮ ሄደ፤ ቤትም አንድ አልቀረም። በሰው ፊት ተሰድቦ ከወጣበት ሱቅ ተመልሶ የእናቴን ፊት ስጡኝ ማለት አቃተው። «እሷን እዚያ ትቼ እንዴት ብዬ እተኛለሁ፤ ለዚያ ነው እሱን ዘብ ያቆምሁት» አለኝ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ፈለግሁ። አገኘኋት፤ የራስ መሸፈኛዋን ወደ ጎን ያሰረች፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት የሆነ፣ ልትስቅ የጀመረች ሴት። «አለችበት» አልሁት። 

እትዬ ዱፊ እንዲመለስ ይፈልጋሉ። እሱ ግን «በሰው ፊት ተባርሬ በስልክ አልታረቅም። አፍ ያለው ሰው ይላኩ፤ አጎቶቼ ፊት ይናገሩ» ብሏል፤ ልክም ነው። እትዬ ዱፊ እኔን ጠርተው፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው፣ አባትሽ ይናገሩልኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ አሉኝ። አባባ፣ እምቢ እንዳይሉኝ። የዕርቁ መጠጥ ተገዝቷል፤ ለመንገድዎ አሳሬ መኪናው ላይ ጋቢና ይዞልዎታል። የሳርፖንግን እናት ፎቶም ትልቅ አድርገን አትመናታል፤ ማኑ ማንም ሳያዝዘው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አጸዳት። እኔም አብሬዎት እመጣለሁ።

አጎቶቹ ቤት ስንደርስ መጀመሪያ መጠጡ፣ ከዚያ ሰላምታው፣ ከዚያ ጉዳዩ እንደሚባል አውቃለሁ፤ ሥርዓቱን የማስተምርዎት እኔ አይደለሁም። ግን ይህችን አንዲት ጊዜ ለእኔ ብለው ሥርዓቱን ያፍርሱልኝ። ምንም ከመናገርዎ በፊት እናቱን አውጥተው ያስቀምጡለት። ከዚያ በኋላ ንግግር ካስፈለገ ይናገሩ።

እማማ ሴርዋን ጉልበቷን ስመው ሰላም በሉልኝ፤ የላከችልኝ የደረቀ በርበሬ ደርሶኛል፣ የጎረቤት ሰው ሁሉ እያነጠሰ ነው። እህቴ አቺያ ልጇን ጡት አስጥላ እንደሆነ ትጻፍልኝ። አክስቴ ማንሳን እግሯ እንዴት እንደሆነ ጠይቁልኝ፤ ሐኪም ቤት አልሄድም ካለች አፍራኮማ ተቆጥታለች በሏት። ትንሹ ዶንኮርን ጉንጩን ቆንጥጡልኝ። ለአለቃችን ክብርና ሰላምታዬ በእርስዎ አፍ ይድረስ። ባፉር፣ እስከዚህ ካነበብህ ባርኬሃለሁ፤ ትምህርትህን አትተው።

የምትወድዎት ልጅዎ
አፍራኮማ

ቴቺማን፣ እሑድ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025